ቤሲ ኮልማን፤ ፈቃዷን በባሕር ማዶ ያገኘች አብራሪ

በበረራ ሙያ ለተሰማራ ሰው ሁለት ከባድ በሮች አሉበት። የመጀመሪያው የትምህርት ቤቱ በር ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሥራ በር ነው። ሙያውን ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው አንደኛው ከተከፈተ ሁለተኛው በራሱ ጊዜ የሚከፈት ይመስለዋል። ዘመድ አዝማዱን አስቸግሮ፣ ያለውን ጥሪት አሟጦ፣ በሰው አገር ተምሮ የበረራ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ የተመለሰ ወጣት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ያገራችን ተረት ለእንደዚህ ያለው ሰው የተነገረ ይመስላል።

ከዚህ በታች የምንተርከው በሁለቱም በሮች ፊት ስለ ቆመች አንዲት ሴት ሕይወት ነው። ቤሲ ኮልማን ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች መካከል የአብራሪነት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ ናት። ከሞተች አንድ መቶ ዓመት ያህል ቢሆናትም ያጋጠማት ችግር ለዛሬው ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱ እንለምናለን።

ከጥጥ ማሳ እስከ ቺካጎ

ቤሲ በቴክሳስ ግዛት አትላንታ በምትባል አነስተኛ ከተማ ጃንዋሪ 26 ቀን 1892 ተወለደች። በአሜሪካ አገር ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና 27 ዓመት መሆኑ ነበር። ወላጆቿ ጆርጅና ሱዛን ኮልማን አሥራ ሦስት ልጆች የወለዱ ሲሆን እርሷ አሥረኛዋ ነበረች። ሁለት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ዋክሳሃቺ ወደምትባል የጥጥ አገር ተዛወረ። አባቷ በትውልዱ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ደም ስለ ነበረበት፣ በቴክሳስ የነበረው የዘር መድልዎ ሲመረው የተሻለ መብት አገኛለሁ ብሎ በ1901 ወደ ኦክላሆማ ምድር ሄደ። እናቷ ግን አልተከተለችውም። በሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን ማሳደግ ያዘች።

የቤሲ ልጅነት በጥጥ ለቀማና በልብስ አጠባ መካከል ያለፈ ነው። ትምህርት ቤቷ አንድ ክፍል ብቻ ያለው ለጥቁሮች የተለየ ቤት ነበር፤ ወደዚያም ለመድረስ በየቀኑ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ትጓዝ ነበር። የጥጥ ለቀማ ወራት ሲደርስ ልጆቹ ሁሉ ወደ ማሳ ስለሚወርዱ ትምህርቱ ይቋረጣል። እንዲያም ሆኖ በሒሳብ ትምህርት ጎበዝ ስለ ነበረች፣ የተለቀመውን ጥጥ ሚዛንና የሚገባውን ክፍያ የምታሰላው እርሷ ሆነች።

ከልብስ አጠባ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ በ1910 በኦክላሆማ በላንግስተን ከተማ ወደሚገኘው የጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባች። ያጠራቀመችው ግን ከአንድ የትምህርት ወቅት በላይ አልወሰዳትም። ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ የሰው ልብስ ማጠቧን ቀጠለች።

በ1915 ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት የደቡቡን አገር ለቅቃ ወንድሟ ወደሚኖርበት ወደ ቺካጎ ሄደች። ወንድሟ ዋልተር በባቡር ላይ የመንገደኞች አስተናጋጅ ነበር። እርሷም የእጅ ጥፍር ማሳመር ተምራ በአንድ የወንዶች ፀጉር ቤት ተቀጠረች። በዚያን ጊዜ ፀጉር ቤት የጥቁሮች ከተማ ወሬ ሁሉ የሚገናኝበት ስፍራ ነበር፤ ነጋዴው፣ ጋዜጠኛው፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተመለሱት አንዱ ጆን የሚባለው ወንድሟ ነበር። አንድ ቀን ጆን ከሥራ ቦታዋ መጥቶ በሰው ፊት ይቀልድባት ጀመር፤ የፈረንሳይ ሴቶች ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች እንደሚሻሉና አይሮፕላን እስከ ማብረር መድረሳቸውን ነገራት። ቀልዱ ለእርሷ ቁም ነገር ሆነባት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራሪ ለመሆን ቆረጠች።

የትምህርት ቤቱ በር

በአሜሪካ ያሉትን የበረራ ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ጠየቀች። ሁሉም መለሷት። ጥቁር መሆኗ አንድ እንቅፋት፣ ሴት መሆኗ ሌላ እንቅፋት ሆነባት። የአሜሪካ ጦርም ቢሆን ጥቁሮችን በአብራሪነት አይቀበልም ነበር፤ በጆርጂያ ግዛት የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ ዩጂን ቡላርድ በ1917 በጦር አብራሪነት የበረረው በፈረንሳይ ባንዲራ ሥር ነው።

በዚህ ጊዜ መንገድ ያሳዩአት የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ መሥራችና ባለቤት አቶ ሮበርት አቦት ነበሩ። አቶ አቦት ፈረንሳይኛ እንድትማርና ወደ ፈረንሳይ እንድትሄድ መከሯት። ምክሩን ተቀብላ በቺካጎ ከአንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ገባች። የጥፍር ማሳመሩን ሥራ ትታ የተሻለ ደመወዝ የሚከፈልበትን የምግብ ቤት ኃላፊነት ያዘች፤ ገንዘቧንም ማጠራቀም ጀመረች። አቶ አቦትና ሌሎች ሰዎችም ረዷት። ስለ በረራ አንዲት ነገር ሳትማር ቋንቋውንና የመሳፈሪያውን ገንዘብ አስቀድማ ያዘጋጀች መሆኗ የሚደነቅ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት የሄደ ሁሉ ግማሹ ፈተና የሚያልፈው ከመሳፈሩ በፊት መሆኑን ያውቃልና።

ኖቬምበር 20 ቀን 1920 ከኒው ዮርክ በመርከብ ተነሣች። ፓሪስ ስትደርስ ያሰበችው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አልቀበልም አላት፤ ሁለት ሴቶች በሥልጠና ላይ ስለ ሞቱበት ሴት ማስተማር አቁሞ ነበር። እርሷ ግን ወደ ሰሜን ተጉዛ በሶም አውራጃ በባሕር ዳር በምትገኘው በለ ክሮቷ ከተማ ከኮድሮን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት ገባች። በአይሮፕላን ሠሪነታቸው የታወቁት ኮድሮኖች ያቋቋሙት ይህ ትምህርት ቤት በፈረንሳይ ስመ ጥር ከነበሩት አንዱ ነው።

የተማረችበት አይሮፕላን ኒውፖር 82 የተባለው ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ የማስተማሪያ አይሮፕላን ነበር። ከእንጨት፣ ከሽቦና ከሸራ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ስምንት ሜትር፣ የክንፉ ስፋት አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ነው። መሪው አንድ በትርና ከእግር ሥር ያለ መቅዘፊያ ብቻ ነው። ፍሬን የሚባል ነገር የለውም፤ መሬት ሲነካ የሚያቆመው ከጭራው ሥር ያለው መንሸራተቻ አፈሩን እየጫረ ነው። አስተማሪው ከፊት፣ ተማሪው ከኋላ ይቀመጣል። የሞተሩ ድምፅ ቃል ስለማያሰማ ተማሪው የሚማረው የራሱ በትርና መቅዘፊያ በአስተማሪው እጅና እግር ሲንቀሳቀሱ እየተመለከተ ነበር። አይሮፕላኑ በአየር ላይ እንዳለ የመሰበር ጠባይ ስለ ነበረው፣ ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ክንፉን፣ ሽቦውንና ማሠሪያውን በእጃቸው እየዳሰሱ መመርመር ነበረባቸው።

ማረፊያዋ ከትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለ ነበረ በየቀኑ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ትጓዝ እንደ ነበር ይነገራል፤ በቴክሳስ የለመደችው መንገድ በፈረንሳይም ተከተላት ማለት ነው። በሥልጠናው ላይ ሳለች አንድ የትምህርት ጓደኛዋ በአደጋ ሲሞት አየች። እጅግ ደነገጠች፤ ነገር ግን ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ከሰባት ወር ትምህርት በኋላ ለፈተና ቀረበች። በዚያን ዘመን ፈተናው አምስት ኪሎ ሜትር በሚሆን ዙሪያ መብረርን፣ በስምንት ቁጥር ቅርፅ መዞርን፣ ወደ ሃምሳ ሜትር ከፍታ መውጣትን፣ በመጨረሻም ሞተር አጥፍቶ ከተመለከተው ነጥብ በሃምሳ ሜትር ክልል ውስጥ ማረፍን ይጠይቅ ነበር። ቤሲ ይህን ሁሉ ፈጽማ ጁን 15 ቀን 1921 የዓለም አቀፉን የአየር በረራ ፌዴራሲዮን ፈቃድ ተቀበለች። ፈቃዱ በማንኛውም አገር ለመብረር የሚያስችል ነበር። ከዚያም በፓሪስ ከአንድ የታወቀ የጦር አብራሪ ዘንድ ተጨማሪ ልምምድ አድርጋ በሴፕቴምበር 1921 ወደ አገሯ ተመለሰች።

ሥራ የሌለው ፈቃድ

ኒው ዮርክ ስትደርስ ጋዜጠኞች ተቀበሏት። በቲያትር ቤት ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ የብር ዋንጫም ተሰጣት። ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ግን በምን እንደምትተዳደር የሚነግራት አልተገኘም።

የጊዜውን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1921 በአሜሪካ እንደ ዛሬው ያለ አየር መንገድ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቋሚ የአብራሪነት ሥራ የሚገኘው በ1918 በተጀመረው የመንግሥት የአየር ፖስታ ነበር፤ በዚያም ቢሆን ለጥቁር ሴት የሚሆን ቦታ አልነበረም። በሌላ በኩል ጦርነቱ ሲያበቃ ጦሩ ከርቲስ ጄኒ የተባሉትን የማስተማሪያ አይሮፕላኖቹን በርካሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ሥራ ያጡ የጦር አብራሪዎች እነዚህን እየገዙ ከከተማ ወደ ከተማ በመዞር ትርኢት ማሳየትና መንገደኛ በክፍያ ማንሸራሸር መተዳደሪያቸው ሆነ። እንግዲህ ለቤሲ የቀረላት ሥራ ይኸው ነበር። ይህም ሥራ በለ ክሮቷ ከተማረችው በላይ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ሕዝቡ ገንዘብ የሚከፍለው በአየር ላይ መገልበጥን፣ ወደ ምድር ተወርውሮ በመጨረሻ ሰዓት መቃናትን ለማየት ነውና።

በአገሯ የሚያስተምራት ስለማይኖር በፌብሩዋሪ 1922 ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተመለሰች። በፈረንሳይ ልምምድ አደረገች፤ በሆላንድ አይሮፕላን ሠሪውን አንቶኒ ፎከርን ጎበኘች፤ በጀርመንም በረረች። በኦገስት ወር ስትመለስ የመጀመሪያውን ሕዝባዊ ትርኢት ለማሳየት ዝግጁ ነበረች።

ይህ ትርኢት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1922 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በከርቲስ ሜዳ ተደረገ። ዝግጅቱ በጦርነቱ ለተሰለፈው የጥቁሮች 369ኛ እግረኛ ሬጅመንት ክብር ሲሆን፣ ደጋፊው የአቶ አቦት ጋዜጣ ነበር። በዚያው ቀን በጃንጥላ ከዘለሉት አንዱ ሁበርት ጁሊያን የተባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ ነበር። ይህ ሰው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1930 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ የዘውዱ በዓል ከመድረሱ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አይሮፕላን የሰበረው እርሱ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቤሲ በቺካጎ ቤተሰቦቿ እየተመለከቱ ሁለተኛውን ትርኢት አሳየች።

በዚህ ስፍራ እውነቱን አለመደበቅ ይገባል። ቤሲ ስለ ራሷ ለጋዜጠኞች ስትናገር ዕድሜዋን ትቀንስ፣ ያላትን ታበዛ ነበር። በአውሮፓ እየተሠሩላት ነው ያለቻቸው አይሮፕላኖች አንድም ቀን አልመጡም። ይህን በአንድ በኩል እንደ ጉድለት ልንቆጥረው እንችላለን። በሌላ በኩል ግን የራሷ አይሮፕላን የሌላት፣ ደሞዝ የሚከፍላት ድርጅት የሌላት፣ ስሟን ብቻ የምትሸጥ ሴት እንደ ነበረች መዘንጋት የለበትም።

ስሟን ግን በማንኛውም ዋጋ አልሸጠችም። በዚያው በ1922 አንድ የጥቁሮች ፊልም ድርጅት በመሪ ተዋናይነት ውል አዋዋላት። የመጀመሪያው ትዕይንት ቡቱቶ ለብሳ፣ በትር ይዛ፣ ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ከገጠር ወደ ከተማ እንድትገባ የሚያደርግ ነበር። ሕዝቧን የሚያዋርድ ምስል አልሠራም ብላ ጥላ ወጣች። ድርጊቷ በትርኢቱ ዓለም ብዙ ወዳጅ አሳጣት፤ አይሮፕላን ለመግዣ ልታገኝ ትችል የነበረው ገንዘብም ቀረባት።

በተውሶ አይሮፕላን

ከበረራ በቀጥታ ወደ ተገኘ ሥራ የደረሰችው በካሊፎርኒያ ነው። በዚያ አንድ የጎማ ኩባንያ የማስታወቂያ ወረቀት ከአየር ላይ እንድትበትንለት ተዋዋላት። በዚህም ምክንያት አሮጌ ጄኒ አይሮፕላን ለመግዛት ቻለች። የአይሮፕላኑ ዋጋ አራት መቶ ዶላር ያህል ነበር ይባላል።

ደስታዋ ግን አልቆየም። በፌብሩዋሪ 1923 በሎስ አንጀለስ የሚጠብቃት ሕዝብ ወዳለበት ሜዳ ለመሄድ ከሳንታ ሞኒካ ስትነሣ ሞተሩ ወደ ዘጠና ሜትር ከፍታ ላይ ጠፋባት። አይሮፕላኑ በአፍንጫው ወርዶ ተሰበረ። እርሷም እግሯና የጎን አጥንቶቿ ተሰብረው ለብዙ ጊዜ በሆስፒታል ተኛች። ከአልጋዋ ላይ ሆና ለወዳጆቿ በላከችው ቴሌግራም ድና እንደገና እንደምትበር አስታወቀች። ከዚያ በኋላ የራሷን አይሮፕላን ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀባት።

በጁን 19 ቀን 1925 ጥቁሮች የነፃነታቸውን መታሰቢያ በሚያከብሩበት ዕለት በቴክሳስ በሂዩስተን ከተማ ትርኢት አሳየች። በዚያ ከተዋሰችው አይሮፕላን ላይ ብዙ ጥቁር መንገደኞችን በየተራ እያሳፈረች የከተማቸውን መልክ ከላይ አሳየቻቸው። ለአብዛኞቹ ከምድር የተለዩበት የመጀመሪያው ሰዓት ነበር። በልጅነት ከተማዋ በዋክሳሃቺ ደግሞ አዘጋጆቹ ለነጭና ለጥቁር የተለያየ መግቢያ በር ባዘጋጁ ጊዜ፣ አንድ በር ካልሆነ አልበርም አለች። በዚህ ረቱላት፤ ከበሩ በኋላ ያለው መቀመጫ ግን እንደ ተለየ ቀረ።

ትርኢቱ ግቧ አልነበረም። የምታጠራቅመው ገንዘብ የጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየቲያትር ቤቱ እየዞረች ስለ በረራ ንግግር ታደርግ፣ የበረራዋንም ፊልም ታሳይ ነበር። በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አንድ ቄስና ባለቤታቸው እንደ ልጃቸው ተቀብለው አኖሯት፤ በዚያም የውበት ሳሎን ከፍታ ለትምህርት ቤቱ ማቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ ትሰበስብ ጀመር። የሰማይ ሥራዋን የምድር ሥራዋ ይደግፈው ነበር ማለት ነው።

የጃክሰንቪል ጧት

በ1926 የጸደይ ወራት በኤድዊን ቢማን በተባለ ባለጸጋ ርዳታ በቴክሳስ የገዛችውን ሌላ አሮጌ ጄኒ ቀሪ ዕዳ ከፈለች። አይሮፕላኑን ወደ ፍሎሪዳ ያመጣው ዊልያም ዊልስ የተባለ የ24 ዓመት መካኒክና አብራሪ ነበር። በመንገድ ላይ ሞተሩ እያስቸገረው ከታቀደው ውጭ በየሜዳው ለማረፍ ተገዶ ነበር።

ትርኢቱ በጃክሰንቪል ከተማ ሜይ 1 ቀን እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። በዋዜማው፣ አፕሪል 30 ቀን 1926 ጧት፣ ዊልስ እያበረረ እርሷ ከኋላ ተቀምጣ ወጡ። በማግሥቱ በጃንጥላ ልትዘል ስላሰበች ሜዳውን ከላይ መመልከት ያስፈልጋት ነበር። ቁመቷ አጭር በመሆኑ ከመቀመጫው ጠርዝ አሻግራ ለማየት የደኅንነት ቀበቶዋን ፈታች። ጃንጥላም አልያዘችም ነበር። ወዲያው አይሮፕላኑ ፍጥነቱ ጨምሮ አፍንጫውን ደፋ፤ እየተሽከረከረም ተገለበጠ። ቤሲ ከአየር ላይ ተወርውራ ወደቀችና በዚያው ሞተች። ዊልስም ከአይሮፕላኑ ጋር ወድቆ ሞተ። ሰዎች አካሉን ለማውጣት ሲታገሉ፣ አንድ ሰው በጫረው ክብሪት የፈሰሰው ቤንዚን ተቀጣጥሎ ስብርባሪው ነደደ። በኋላ ሲመረመር በመሪው ጥርሶች መካከል አንድ የብሎን መፍቻ ተሰክቶ ተገኘ። ለጥገና ገብቶ የተረሳ አንድ መሣሪያ የሁለት ሰው ሕይወት አጠፋ። እርሷ የ34 ዓመት ሴት ነበረች።

ከሞተች በሃያኛው ቀን፣ ሜይ 20 ቀን 1926፣ የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የአየር ንግድ ሕግ አወጀ። አብራሪዎች ፈቃድ እንዲኖራቸው፣ አይሮፕላኖች ብቃታቸው እንዲመረመርና እንዲመዘገቡ የሚያስገድደው ይህ ሕግ ነው። እንግዲህ ቤሲ ባሕር ተሻግራ ፈቃድ ያመጣችው በአገሯ ማንም ፈቃድ በማይጠየቅበት ዘመን ነበር። ያቺን አሮጌ ጄኒ መርምሮ ከመነሣት የሚያግዳት ባለሥልጣንም አልነበረም።

ከሞተች በኋላ

የቀብር ጸሎቷ በጃክሰንቪል፣ በኦርላንዶ፣ በመጨረሻም በቺካጎ ተደረገ። በቺካጎ ሥርዓቱን የመራችው በጥቁሮች መብት ተከራካሪነቷ የታወቀችው ጋዜጠኛ አይዳ ዌልስ ስትሆን፣ ሐዘንተኛው ወደ አሥር ሺህ ይገመት ነበር። አስከሬኗ በሊንከን መቃብር አረፈ።

ያሰበችውን ትምህርት ቤት ሳትከፍት ሞተች፤ ነገር ግን ሌሎች ከፈቱት። በ1929 ዊልያም ፓወል በሎስ አንጀለስ በስሟ የሚጠራ የበረራ ክበብ አቋቋመ፤ ጥቁር ወጣቶችም በዚያ ይማሩ ጀመር። በቺካጎ ደግሞ ጆን ሮቢንሰንና ኮርኔሊየስ ኮፊ የተባሉ ሁለት መካኒኮች ወደ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ለመግባት ጠይቀው በዘራቸው ምክንያት ሊመለሱ ሲሉ፣ በሕግ እንከሳለን ብለው ገቡ። በአስተማሪነትም ሌሎችን ጥቁሮች አስገቡ፤ ቻሌንጀር የተባለውን የጥቁር አብራሪዎች ማኅበርም መሠረቱ። የዚህ ማኅበር አባላት በ1931 በቤሲ መቃብር ላይ እየበረሩ አበባ ጣሉ፤ ይህም ልማድ ሆኖ ቀጠለ።

ጆን ሮቢንሰን በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በፋሺስት ወረራ ጊዜ የአገራችን የአየር ኃይል አዛዥ የሆነው ሰው ነው። የጦር መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አይሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር ያመላልስ ነበር። ከነፃነት በኋላ በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን በረራ አስተማረ፤ በ1954 በአይሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። በዚህ መንገድ በለ ክሮቷ የተጀመረው የአንዲት ሴት ትምህርት፣ በቺካጎ በኩል አድርጎ፣ እኛ ዘንድ ደረሰ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛሬ በቺካጎ በኦሄር አይሮፕላን ማረፊያ አንድ መንገድ በስሟ ይጠራል። የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ጠፈርተኛ ሜይ ጄሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር ስትወጣ የቤሲን ፎቶግራፍ ይዛ ነበር። በ1995 ምስሏ በአሜሪካ ቴምብር፣ በ2023 ደግሞ በሳንቲም ላይ ወጥቷል።

ይህ ሁሉ ክብር ከሞተች በኋላ የመጣ ነው። በሕይወት ሳለች የነበራት አንድ ፈቃድ፣ አንድ ሐሳብና በተውሶ የሚገኝ አይሮፕላን ብቻ ነበር። በዛሬው ቀን በውጭ አገር ተምሮ፣ ፈቃዱን ይዞ፣ የበረራ ሰዓቱ አነሰ እየተባለ በየድርጅቱ ደጅ የሚመላለስ ወጣት ካለ የቤሲን ታሪክ ያስብ። ደጁ የሚጠናበት አንጋፋ ባለሙያም እንዲሁ ያስብ፤ እርሷን የገደላት የመሪው ብልሽት ብቻ ሳይሆን፣ የተሻለ አይሮፕላንና የተሻለ ሥራ የሚሰጣት ሰው መጥፋቱ ጭምር ነው። ለበረራ የሚነሣ ሁሉም ቢሆን ቀበቶውን ይሰር፤ መካኒኩም የመሣሪያ ሣጥኑን ከመዝጋቱ በፊት መፍቻዎቹን ይቁጠር።